የሚያፈስ ሰልባቲዮ ይዤ አማቾቼ ቤት ገባሁ

መቼም በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ይሉኝታ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ጋራዥ ልወስዳችሁ ነው። «ይህ ሰው ምን ነካው?» እንዳትሉ። ነገሩ የሚጀምረው ከፍቅር ነው፤ የሚያልቀውም እዚያው ነው። መሐሉ ላይ ግን ቤንዚን አለ፣ ኩራዝ አለ፣ ለጥቂት ከመቃጠል የተረፈ ቤትም አለ። ቤቱ ደግሞ የእኔ አልነበረም። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሞተሯ የማን ናት?

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው። አሁን ባለቤቴ የሆነችው ልጅ ያን ጊዜ እጮኛዬ ነበረች። አገሯ ዲማ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና በኩል። ዲማ ሲባል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የሚዋደዱት ዲማ ላይ ነውና። የቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስን የሚያውቀው በቅኔ ትምህርቱ ነው። እኔ ቅኔ አልቆጠርኩ፣ ዳዊት አልደገምኩ! 12ኛ ክፍል ጨርሶ በየጋዜጣው የሚሞነጫጭር ልጅ ነኝ። ያስጨነቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ የልጅቷ ወላጆች ፊት ምን ሆኜ ልቅረብ?

ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ እሷ ቀድማ ሄዳለች። «ለበዓሉ ናና ይዩህ፤ ሽማግሌው በኋላ ይደርሳል» ብላኛለች። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ፣ ዓባይን ወርጄ ዓባይን ወጥቼ በአውቶቡስ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላም በመኪና መቀጠል እችል ነበር። ግን ከሚኒባስ ላይ ከዶሮና ከጆንያ ጋር ስወርድ አማቾቼ ቢያዩኝስ? ሆዴ እምቢ አለ። ደብረ ማርቆስ ያለ ጓደኛዬ ሞተር ሳይክል አለችው። «ለሁለት ቀን አውሰኝ» አልኩት። «ውሰዳት፤ ምንም አትልም!» አለኝ። ስለ ሰልባቲዮዋ ግን ትንፍሽ አላለም።

(ሰልባቲዮ ለማታውቁ የነዳጅ መያዣው ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ጋራዦቻችን ውስጥ ቃላቱን ትቶ ነው የሄደው። ሰልባቲዮ፣ ጎሚኒ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ… ሁሉም የሱ ናቸው።)

መንገድ ላይ የሚያዝያ ዝናብ ያዘኝ። ትንሽ ቢሆንም አራሰኝ። የምሥራቅ ጎጃም መረሬ አፈር ጠብታ ሲያይ እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል፤ ጎማዬ ሊጥ ሆነ። እንደምንም አመሻሽ ላይ ዲማ ገባሁ። አቀባበሉን ተዉት! እግሬን ሊያጥቡኝ ውኃ አመጡ። አባትየው ሞተሯን ዞረው ዞረው አዩና «ያንተ ናት ልጄ?» አሉኝ።

አንባብያን፣ ያን ጊዜ «የጓደኛዬ ናት» ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። እኔ ግን «አዎ አባባ» አልኳቸው። አፌ ነው ቀድሞኝ የሄደው።

«እንግዲያስ ውጭ አታድርም፤ ወደ ውስጥ አስገባት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በየክፍለ ሀገሩ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ሌባ ፈርቶ ቤቱ ውስጥ ነው የሚያሳድራት። አስገባኋት። በሩ አጠገብ ጥግ ላይ አቆምኳት።

«ምን ይሸታል?»

የዚያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። ኩራዝ ተለኩሷል። እጮኛዬ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ታራግባለች። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ አጎዛ ላይ ተቀምጫለሁ። እናትየው ቆም አሉና «አንች፣ ምን ይሸታል? ጋዝ ጋዝ አይልሽም?» አሏት።

ዘወር ስል አየሁት። ከሞተሯ ሆድ ሥር፣ ጠብ… ጠብ… ጠብ…

ልቤ ቀጥ አለች። ግን ምን ልበል? «ታፈሳለች» ብል «ከመቼ ጀምሮ?» ሊሉኝ ነው። «የገዛ ሞተርህን አታውቃትም እንዴ?» ሊሉኝ ነው። ይሄኔ ውሸቴ ወለል ብሎ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ምን አልኩ መሰላችሁ? «እማማ፣ መንገድ ላይ ስሞላ ልብሴ ላይ ፈስሶ ነው።» አመኑኝ። እንግዳ አይዋሽም ብለው አመኑኝ።

አሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ እንጃ፣ ብቻ ለእኔ ዓመት ነው። ቆሎው ቀረበ፤ ቡናው ተቆላ። ሽታው ግን እየባሰ ሄደ። ከዚያ እናትየው ትንሹን ልጅ «ከበሩ ኋላ ያለውን ስኒ አምጣልኝ» አሉት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ኩራዙን ብድግ አድርጎ ቀጥታ ወደ ሞተሯ…

ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ ባለበት ደረቀ። እጁን ይዤ ኩራዙን እፍ አልኩት። ቤቱ ጨለመ። «ከሰሉን በጓሮ በር አውጡት! ክብሪት እንዳትጭሩ!» እያልኩ በጨለማ ሞተሯን እየገፋሁ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ሲነጋ እንዳየነው፣ ሞተሯ ቆማ የነበረችበት መሬት እንጀራ የሚያህል ክብ ሆኖ ርሷል።

ማንም አልተነካም። ዘንድሮ ይህን እንደ ቀልድ አወራዋለሁ፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናትየው የተናገሩኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ልጄ፣ ሸተተኝ ስልህ ምነው አልነገርከኝ?» አባትየው ደግሞ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሞተሯ ያንተ አይደለችም፣ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አይደለችም አባባ።»

ጥፋተኛዋ ሳሙና

በማግስቱ ከአባትየው ጋር ሞተሯን ደጅ አቁመን መረመርናት። እዚህ ላይ ሞተር ያላችሁም፣ ቤታችሁ ጀኔሬተር ያላችሁም ልብ በሉ። ቤንዚን ታየ ማለት ሰልባቲዮው ተቀደደ ማለት አይደለም። የሚያፈሰው ከአምስት ቦታ ከአንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ቱቦው ነው። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ወይም ማሰሪያው ይላላል። ሁለተኛው ቤንዚኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሩቢኔት ነው፤ ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ትደርቃለች። ሦስተኛው ካርቡራተሩ ነው። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ቆሻሻ ይዞት በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈስሳል። አራተኛው ክዳኑ ነው፤ ሞተሯ ስታዘነብል ብቻ የምታፈስ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። እነዚህ አራቱ በትንሽ ገንዘብ የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው። ሩቢኔቱን ስትዘጉት መፍሰሱ ካቆመ ችግሩ ከሩቢኔቱ በታች ነው፤ ተመስገን በሉ። ዘግታችሁትም መንጠባጠቡ ካላቆመ ወይ ራሱ ሩቢኔቱ ነው፤ ወይ አምስተኛው፣ ማለትም ሰልባቲዮው።

ቦታውን ለማግኘት መላው ቀላል ነው። በጨርቅ አድርቃችሁ ዱቄት ወይም የተፈጨ ጠመኔ ነስነስ አድርጉበት። ቤንዚኑ የሚወጣበት ቦታ ወዲያው ይጠቁራል። አባትየው አመድ ሊያመጡ ሲነሡ ባለቤታቸው «ፍም ቢኖርበትስ?» ብለው ዱቄት ሰጡን። እውነትም አመድ ውስጥ ፍም ተደብቆ ያድራል። ፍለጋው ሁልጊዜ ደጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ሲጋራና ስልክ ቻርጀር ሳይኖር ይሁን።

ዱቄቱ የጠቆረው ሰልባቲዮው ሆድ ላይ፣ ሁለቱ ላሜራዎች የሚጋጠሙበት ስፌት ላይ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የልብስ ሳሙና! ጓደኛዬ ቀዳዳዋን በደረቅ ሳሙና ጠቅጥቆ፣ ላዩን ጭቃ ቀብቶ ነው «ምንም አትልም» ብሎ የሰጠኝ። እሱም እንደኔው አፍሮ ነው።

ሳሙና የሹፌሮች የድሮ ዘዴ ነው፤ ሞኝነትም አይደለም። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም። ስለዚህ መርፌ ቀዳዳ የምታህል ከሆነች ደረቅ ሳሙና ሲፈተግባት ትዘጋለች። ማስቲካ ግን አትሞክሩ፤ ቤንዚን ያለሰልሰዋል። የሳሙና ጠላቱ ውኃ ነው። የኔዋን ሳሙና የሚያዝያ ዝናብ አጠባት፤ መንገዱ ደግሞ እያንቀጠቀጠ ቀዳዳዋን አሰፋት። እንግዲህ ሳሙና እስከ ቅርቡ ጋራዥ ለመድረስ ነው እንጂ በሱ አምኖ ቤት ውስጥ ለማሳደር አይደለም።

ደግሞ ኪሳችሁንም አስቡ። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ ነው። ይህ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ማለፉን ስታስቡት ጠብታዋ ጠብታ አትመስላችሁም።

ለምን ይበሳል?

ብዙ ሰው ሰልባቲዮ የሚበሳው በድንጋይ ተመትቶ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚበላው ከውስጥ ነው። የደጋ አገር ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሰልባቲዮው ግማሹ ባዶ ከሆነ በባዶው ቦታ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እንደ ጤዛ ውኃ ይሆናል። ውኃ ደግሞ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ሥር ይወርዳል። እዚያ ተኝቶ ላሜራውን በዝገት ይበላዋል። ስፌቱ ሥር ስለሆነ ቀድሞ የሚበሳው እሱ ነው። ሞተሯን ለወራት የምታቆሟት ከሆነ ወይ ሙሉ አድርጋችሁ አቁሟት፣ ወይ ጨርሳችሁ ቅዱና አድርቋት። ግማሽ አድርጎ መተው ለዝገት መደገስ ነው።

«አምስት ደቂቃ አይፈጅም»

የቀረውን ቤንዚን ደጅ ላይ በሩቢኔቱ በኩል ወደ ጄሪካን ለቀን ከቤት አራቅነው። ልንገራችሁ፣ እኔ በቱቦ በአፌ ልስበው ነበር። አባትየው ናቸው የከለከሉኝ። ቤንዚን በአፍ ስቦ ወደ ሳንባ የገባበት ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የዋጠ ሰው ካለም አስታውኩት አትበሉ፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባልና ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሞተሯን በአይሱዙ ጭኜ ደብረ ማርቆስ መለስኳት። ጓደኛዬን አገኘሁት። ተቆጣሁ፤ እሱም ተቆጣ። በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሰልባቲዮውን ፈትተን ወደ ብየዳ ቤት ሄድን። ልጁ ከእኔ ዕድሜ አይበልጥም። ሰልባቲዮውን አገላብጦ አየና «ባዶ ነው አይደል? ችግር የለውም፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም!» አለን። የብየዳውን መነጽር አደረገ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ልናስበይደው ነበር። ባዶ ነው፤ ምን ይሆናል? ከበስተኋላችን ግን አንድ አዛውንት መካኒክ «ተው!» አሉ። ጩኸታቸው ዲማ ላይ እኔ እንደጮህኩት ያለ ነው። መጥተው ሰልባቲዮውን ከልጁ እጅ ተቀበሉት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉልን። ሁለቱ ጣቶች የሉም፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ተጨማዷል። «ይህም ባዶ ነበር» አሉን።

በወጣትነታቸው ነው። ባዶ ሰልባቲዮ ሲበይዱ ፈነዳባቸው። አጠገባቸው የነበረው ልጅ ዓይኑን አጣ። የልጁን እናት ለዓመታት መንገድ ላይ ሲያዩ እንደሚደበቁ ነገሩን። «ሙሉ ቢሆን ኖሮ እፈራው ነበር። ባዶ ነው ብዬ ናቅሁት» አሉ።

ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። የሚነድደው ፈሳሹ ቤንዚን አይደለም፤ ከሱ የሚወጣው ትነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ ለሱ ሙቀት ነው። ትነቱ ከአየር ጋር ሲደባለቅ መጠኑ በመቶ 1.4 እስከ 7.6 ገደማ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። «ባዶ» የምንለው ሰልባቲዮ ደግሞ ሥሩ ላይ ጥቂት ጠብታና ሙሉ ትነት፣ እንዲሁም አየር ያለበት ቆርቆሮ ነው። ከዚህ በላይ ፈንጂ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ትነቱ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም። መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ ክፍሉ ማዶ ያለ ኩራዝ ዘንድ፣ ክብሪት ዘንድ ይደርሳል። የዲማውን ምሽት ሳስበው አሁንም ይሰቀጥጠኛል።

አዛውንቱ እንዴት ሠሩት?

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በጠርሙስ ብቻ ብናጥበውስ ብለን ስንጠይቅ ሳቁብን። ዝገት እንደ ስፖንጅ ነው፤ ቤንዚን ይይዛል። ታጥቦ ሽታው ቢጠፋ እንኳ ብረቱ ሲግል የተደበቀው ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ክዳኑንና ሩቢኔቱን ፈትተው ቀቅለው ባመጡት ውኃና ኦሞ ሞሉት። አንቀጠቀጡ፤ ደፉ። ደግመው ሞሉት፤ ደፉ። ሦስተኛም። ከዚያ አፉን ከፍተው ከእሳት ርቆ ነፋስና ፀሐይ ላይ አሳደሩት።

ቀጥሎ ዝገቱ መጣ። ጥቂት ትናንሽ ብሎኖች ከተው አንቀጠቀጡት፤ ቡናማ ጭቃ ወጣ። ዝገቱ የበረታ ከሆነ አቼቶ ሞልቶ አንድ ቀን ማሳደር ይረዳል። ከዚያ ግን በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል፤ አቼቶው ከቀረ ራሱ ብረቱን ይበላል። ብሎኖቹን ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማውጣትም አይረሳ።

ብየዳ አላደረጉም። «እንዲህ ላለች ቀዳዳ እርሳስ ይበቃል» አሉ። ሰልባቲዮውን ገለበጡት፤ ሆዱ ወደ ላይ ሆነ። የክዳኑን በኩል አጥብቀው ዘግተው፣ አሁን ወደ ላይ በዞረው የሩቢኔት ቀዳዳ ውኃ ሞሉበት። ውኃው ከተበሳው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ለትነት የቀረው ቦታ ጭላፊ ነው፤ እሱም በሩቢኔቱ ቀዳዳ ይወጣል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ላሜራውን እስኪያበራ አጸዱት። ከዚያ ራቅ ካለ ምድጃ ላይ ባጋሉት የመዳብ መተኮሻ እርሳሱን እያቀለጡ ዘጉት። ከቆርቆሮ ጋር የተደባለቀው የመበየጃ እርሳስ 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ የብየዳ ብልጭታ ግን በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ታጥቦም፣ ውኃም ተሞልቶ፣ እሳቱንም ቀንሰው ነው የሠሩት። አንዱን ብቻ አላመኑም።

«እኛስ ቤታችን ብንሠራው?» ካላችሁ መልሴ፣ እሳት ያለበትን ሥራ አትንኩ ነው። ያለ እሳት የሚሠራው ሁለት ቱቦ ሆኖ የሚሸጠው የብረት ማጣበቂያ፣ ኢፖክሲ የሚሉት ነው። ለቤንዚን የሚሆን መሆኑን ላዩ ላይ አንብቡ፤ ሁሉም አይችለውም። ሰልባቲዮውን ቅዱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁ። እኩል እኩል ቀላቅላችሁ ወይም ላዩ በሚለው መጠን ቀቡና ቢያንስ 24 ሰዓት ተዉት። በደጋ ብርድ ቶሎ ስለማይደርቅ ከዚያም በላይ ቢቆይ ይመረጣል። ቤንዚን እየወረደበት ብትቀቡት አይዝም። የመኪና ስቱኮም ለዚህ አይሆንም፤ ቤንዚን ያላቅቀዋል። ቀዳዳው አንድ ከሆነ ነው ይህ ሁሉ። ስትፍቁት ላሜራው እንደ ወንፊት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አትጨርሱ፤ ሌላ ሰልባቲዮ ፈልጉ።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ቤንዚን አትሙሉበት። መጀመሪያ ውኃ ሞልታችሁ ደረቅ ጋዜጣ ላይ አሳድሩት (ይህችን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትሆናለች!)። ጋዜጣው ደርቆ ካደረ ድፉት፤ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት። ውስጡ ውኃ ከቀረ የዝገቱ ነገር እንደገና «ሀ» ይላል።

ሞተር ለሌላችሁ

«እኔ ሞተር የለኝ፤ ምን ቤት ነኝ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር በሃይላንድና በጄሪካን ገዝተን አልጋ ሥር የምናስቀምጥ ስንቶቻችን ነን? ጠርሙሱ ቢከደንም ትነቱ መውጫ አያጣም። ማስቀመጥ ግድ ከሆነባችሁ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቤንዚንን ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ቤት ውስጥ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ማብሪያው ራሱ ብልጭ ይላል። ክብሪት አትጫሩ። በርና መስኮት ክፈቱ፤ ሰዉን አውጡ። ቢነድ ደግሞ ውኃ አትድፉበት፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋዋል። ትንሽ ከሆነ አሸዋ፣ አፈር ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ ጣሉበት። ካየለ ሩጡ። ቤት ይሠራል።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ አትቀቡ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ አውልቁለት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«ሌላስ የደበቅከኝ አለ?»

እጮኛዬን ረሳኋት እንዳትሉ። ያን ቀን ጧት፣ ዱቄቱ ጠቁሮ ሳሙናው ሲገኝ አጠገባችን ቆማ ነበር። አባቷ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቀስ ብላ «ከሞተሯ ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

አፌ ሊቀድመኝ ነበር። «የለም» ሊል ነበር። ትንሹ ወንድሟ ደጅ ላይ ሲሯሯጥ አየሁትና ተውኩት። «አለ» አልኳት። «ለቤተሰቦችሽ ጋዜጠኛ ነው፣ ደሞዝተኛ ነው ብለሻቸዋል። ደሞዝ የለኝም። የምከፈለው በጽሑፍ ነው፤ ካልታተመ የለም። ባለፉት ሁለት ወራት የቤት ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነው።»

ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ «ይህንን ዛሬ ማታ አንተው ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። አባቷ ሰምተው «ታዲያ ለዚህ ነው እንዴ ሞተር የተዋስከው?» ብለው ሳቁ። እናቷ ግን አልሳቁም። «ልጄን የምሰጥህ ሀብታም ነህ ብዬ አይደለም። ቤቴ ውስጥ የሚሸት ነገር ካለ ትነግረኛለህ?» አሉኝ። «እነግርዎታለሁ እማማ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ የጠየቁኝ ቃል ኪዳን ይኸው አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ደብዳቤ ይደርሰኛል። «ዕዳዬን አልነገርኳትም»፣ «ልጅ እንዳለኝ አያውቅም»፣ «ሥራ መልቀቄን ደብቄያለሁ» የሚሉ። ሁላችሁም «ትንሽ ቆይቼ እነግራታለሁ» ነው የምትሉት። እኔም ዲማ ላይ ትንሽ ልቆይ ብዬ ነበር። በመሐል አንድ ልጅ ኩራዝ ይዞ ተነሣ። ሲሸታቸው ንገሯቸው፤ ቢቆጡም ይቆጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ለጊዮርጊስ ስሄድ በመኪና ነበር። ከዶሮና ከጆንያ ጋር ወረድኩ። እሷና ወንድሟ መናኸሪያው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ትንሹ ልጅ ጠጋ ብሎ ልብሴን አሸተተና «ጋሼ ዛሬ ቤንዚን አትልም!» አለኝ።

በሉ፣ ሰልባቲዮአችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።